በንድፍና በብረት መካከል

ስለ ሥዕልና ስለ ቅርጻ ቅርጽ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥነ ጽሑፍ በሚነገርበት ገጽ ላይ ስለ ብረት መቁረጫ መኪናና ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። እኔ ግን የቴክኒክ ንድፍና የብረታ ብረት ሥራ በማስተማር ብዙ ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በሐሳብ ውስጥ ያለ ቅርጽ ወደ ግዑዝ አካል እንዴት እንደሚሻገር ከመጠየቅ የበለጠ የኪነ ጥበብ ጥያቄ አለ ብዬ አላምንም። ቀራጺው ከእንጨትና ከድንጋይ ጋር የሚታገለው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ የብረት ሠራተኛውም ከዚህ የተለየ ትግል የለውም። ልዩነቱ በመካከል የሚገቡት ሰዎችና መሣሪያዎች መብዛታቸው ነው።

በእጅ ጥበብ ሥራ አሳቢውና ሠሪው አንድ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን አንገት ስታጠብ ከገዛ ጣቷ በቀር የምታማክረው የለም። በፋብሪካ ግን አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይነድፋል፣ ሦስተኛው ንድፉን አንብቦ የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል፣ አራተኛው ይቆርጣል። ንድፍ ማለት እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች መካከል የሚመላለስ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ጸሐፊው ያላሰበው ሊነበብበት፣ ያሰበውም ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።

ዛሬ ይህ ደብዳቤ ቀስ በቀስ እየቀረ ነው። ነዳፊው በኮምፒውተር ላይ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ያለው ሙሉ ቅርጽ ይሠራል፤ ይህንንም ሞዴል ይሉታል። ከዚያው ሞዴል ተነሥቶ ሌላ ፕሮግራም መቁረጫው በየት በኩል ገብቶ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከርና በምን ያህል ጥልቀት እንደሚበላ አስልቶ ትእዛዙን በቁጥር ይጽፋል። ትእዛዙን የሚቀበለው ሲ.ኤን.ሲ. የተባለው መኪና ነው፤ ይኸውም እጀታውን በሰው እጅ ፈንታ ቁጥር የሚያዞረው የቶርኖ ወይም የሚሊንግ መኪና ማለት ነው። ቀድሞ ሞዴሉን የሚሠራውና ትእዛዙን የሚጽፈው ፕሮግራም የተለያዩ ነበሩ፤ አሁን ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ተጋብተዋል። ይህ ጋብቻ ምን እንደ ወለደና ምን እንዳስቀረ ማየት ይገባል እላለሁ።

ወደ ኋላ መለስ ብዬ ላውጋ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የተጀመረው ከሄሊኮፕተር ክንፍ ነው። በአሜሪካ በሚቺጋን ግዛት ጆን ፓርሰንስ የተባለ የፋብሪካ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የክንፉን ጠመዝማዛ ቅርጽ በትክክል ማውጣት ቢቸግረው፣ መስመሩን በካርድ በሚሠራ የሒሳብ መኪና ወደ ብዙ ነጥቦች አስለወጠው። ከዚያም አንዱ ሠራተኛ ቁጥሩን ከሰንጠረዥ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁለት ጓደኞቹ ደግሞ አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የፊትና ኋላውን እጀታ እያዞሩ መቁረጫውን ከነጥብ ወደ ነጥብ ያደርሱት ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በነገርኋቸው ቁጥር የቅዳሴ ተሰጥኦ ትዝ ይለኛል፤ አንዱ ይላል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሦስቱን ሰዎች በሞተርና በተበሳ ወረቀት የመተካቱ ሥራ ለማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተሰጥቶ በ1952 የመጀመሪያው በቁጥር የሚመራ የሚሊንግ መኪና ለሕዝብ ታየ።

ይሁን እንጂ መኪናው ቁጥር ይብላ እንጂ ቁጥሩን የሚያበስልለት ሰው አላጣም። ወረቀቱን ለመብሳት የሚያስፈልገው ስሌት ከቁረጣው በላይ ጊዜ ይፈጅ ጀመር። ስለዚህ በዚያው ተቋም በዳግላስ ሮስ የተመራ ቡድን አፕት የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀ፤ በየካቲት 1959 ለጋዜጠኞች ሲቀርብም በእርሱ ትእዛዝ የተቆረጠ የአሉሚኒየም የሲጋራ መተርኮሻ ለመታሰቢያ ታደለ። በአፕት ነጥቡን፣ መስመሩንና ክቡን በቃል ትገልጻለህ፤ ከዚያ መቁረጫውን «በዚህ መስመር ግራ በኩል ሂድ፣ እዚያ ክብ ድረስ» ትለዋለህ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ልብ እንበል፤ ነዳፊው በወረቀት ላይ የሣለውን ቅርጽ ፕሮግራም አዘጋጁ በቃል እንደገና ይሥለዋል። አንድ ቅርጽ ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ ሁለተኛው ልደት ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል የሚረጋገጠው ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በ1963 በዚያው ተቋም አይቫን ሰዘርላንድ በብርሃን ብዕር በኮምፒውተር መስኮት ላይ መሣል እንደሚቻል ባሳየ ጊዜ እንኳ ሥዕሉና የመኪናው ትእዛዝ ገና አልተገናኙም ነበር።

ሁለቱን በማገናኘት ረገድ ከሁሉ የሚማርከኝ የፈረንሳዊው የፒየር ቤዚዬ ታሪክ ነው። ቤዚዬ በ1910 ተወለደ፤ በ1933 ሬኖ ወደተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሲገባ ሥራው መሣሪያ ማስተካከል ነበር። ወንበሩን ከቢሮ ሳይሆን ከመኪናው ጎን ጀመረ ማለት ነው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የአውቶሞቢል አካል ቅርጹ የሚወጣው እንዲህ ነበር፦ ሠዓሊው ይሥላል፤ ነዳፊው ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር ይቆራርጠዋል፤ ሞዴል ሠሪው ከወረቀቱ ተነሥቶ በጀሶ ወይም በእንጨት ይሠራዋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ እንዴት ይሞላ የሚለውን ንድፉ ስለማይናገር እያንዳንዱ እንደ ዓይኑና እንደ እጁ ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ የቅርጹ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሠዓሊው «ይህ የኔ አይደለም» ይላል፣ ነዳፊው ወረቀቱን ያሳያል፣ ሞዴል ሠሪው እጁን ያሳያል።

ቤዚዬ ከ1960 ጀምሮ የደከመበት ነገር እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚስማሙበት አንድ የቅርጽ መግለጫ ማግኘት ነበር። ያገኘውም መስመሩን በጥቂት ነጥቦች የመምራት ዘዴ ነው። ነጥቦቹ ሁሉ በመስመሩ ላይ አይቀመጡም፤ እንደ ማግኔት ከሩቅ ይስቡታል እንጂ። ሠዓሊው አንዱን ነጥብ ሲያንቀሳቅስ መስመሩ በለዘብታ ይከተለዋል፤ ሒሳቡን ማወቅ አያስፈልገውም። ይኸው መስመር ደግሞ በቁጥር የተገለጸ ስለሆነ ያለ አስተርጓሚ ወደ መቁረጫው መኪና ይሄዳል። ዩኒሰርፍ የተባለው ፕሮግራሙ በ1968 ሥራ ላይ ዋለ። በተቀናቃኙ ፋብሪካ በሲትሮዌን ፖል ደ ካስተልዦ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ተመሳሳዩን መንገድ አስቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሥራውን በምስጢር ስለያዘው ስሙ የወጣው ለቤዚዬ ነው። የምስጢር ነገር እንዲህ ነው። ለኪነ ጥበብ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬ በኮምፒውተር የሚታተሙት የግዕዝ ፊደሎቻችን፣ የ«ሐ»ም የእግሮቿ፣ የ«ዐ»ም ክብነቷ፣ ቅርጻቸው የሚቀመጠው በዚሁ ዓይነት መስመር ነው። ለአውቶሞቢል ኮፈን የታሰበ ሒሳብ ፊደላችንን ተሸክሞ ይዞራል።

እንግዲህ ቅርጹ አንድ ሆነ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ያየሁትን ላንሣ። አንዲት ተማሪ ለወፍጮ የሚሆን ዘንግና ዘንጉ የሚገባበትን ቡሽ በኮምፒውተር ሠርታ፣ የመቁረጫውን ጎዳና አስወጥታ፣ ለመቁረጥ ተዘጋጅታ ነበር። በወርክሾፑ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቶርኖ ላይ የቆሙ አዛውንት ባለሙያ ካሊፐራቸውን በካፖርታቸው ኪስ እንደያዙ ቀርበው ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ዘንጉ ስንት ነው?»

«ሃያ ሚሊሜትር ነው ጋሼ።»

«ቀዳዳውስ?»

«እሱም ሃያ ነው።»

«ታዲያ በየት በኩል ይግባ?»

«በኮምፒውተሩ ላይ እኮ ገብቷል ጋሼ፤ ይመልከቱት።»

«ኮምፒውተሩ ላይማ ይገባል የኔ ልጅ። እዚያ ብረቱ አይሞቅም፣ አይሻክርም።»

አዛውንቱ ለማሾፍ አልተናገሩም። በቀድሞው የወረቀት ንድፍ ከሃያው ጎን አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይጻፍ ነበር። በዓለም አቀፉ ደንብ ለቀዳዳው «ኤች 7» ቢባል ስፋቱ ከ20 ሚሊሜትር እስከ 20.021 ድረስ ይፈቀዳል፤ ለዘንጉ «ጂ 6» ቢባል ደግሞ ከ19.980 እስከ 19.993 ድረስ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ቢያንስ 7፣ ቢበዛ 41 ማይክሮን ይሆናል፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ዘንጉ እንዲዞር የሚያደርገው፣ ቅባቱም የሚቀመጥበት፣ ይህ ክፍተት ነው። በሞዴሉ ላይ ግን ዘንግና ቀዳዳ አንድ ገጽ ይጋራሉ። ሞዴሉ የሚያውቀው ቅርጹን እንጂ ነዳፊው የታገሠውን ስሕተት መጠን አይደለም።

ነዳፊው በልቡ የያዘው ዓላማ ከቅርጹ ጋር አብሮ ካልተጓዘ ሞዴልንና መኪናን ማጋባት ስሕተቱን በፍጥነት ከማድረስ በቀር ፋይዳ የለውም። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ቅርጽ ለማሸጋገር በ1980 አይጄስ የተባለው ደንብ፣ በ1994 ደግሞ ስቴፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ወጥቷል፤ ኮምፒውተር አንብቦ የሚረዳው የመቻቻል ልክ ከቅርጹ ጋር ተያይዞ እንዲሄድ የሚያስችለው የስቴፕ ክፍል የታተመው ግን በ2014 ነው። ቅርጹ ቀድሞ ተሻገረ፤ ሐሳቡ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ተከተለው። ዛሬም ብዙ ፋብሪካዎች ሞዴሉን ልከው ሲያበቁ የወረቀቱን ንድፍ አብረው የሚልኩት ለዚህ ነው። ይህን ኋላ ቀርነት ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም።

ትእዛዙ ከተጻፈ በኋላም ሌላ ፈተና አለ። እያንዳንዱ መኪና የራሱ መቆጣጠሪያ፣ መቆጣጠሪያውም የራሱ አነጋገር አለው። የጎጃሙና የሸዋው ሰው ቃላቸው ቢለያይ ፈገግ ብለው ይግባባሉ፤ መኪና ግን ፈገግታ አያውቅም። የተሰላውን ጎዳና ወደየመኪናው አነጋገር የሚመልሰው ክፍል ፖስት ፕሮሰሰር ይባላል። በአንዳንድ የቆዩ መቆጣጠሪያዎች ላይ ያለ ነጥብ የተጻፈ 20 ሃያ ሚሊሜትር ሳይሆን ሃያ ማይክሮን ተብሎ ይነበባል። እኛ «አለ» የሚለውን ቃል ጠብቆ ይሁን ላልቶ ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ መኪናው ግን የሚያመሳክርበት ዐረፍተ ነገር የለውም። የጎበኘሁት አንድ ድርጅት በብዙ ገንዘብ የገዛው ፕሮግራም ለመኪናው የሚስማማ ፖስት ፕሮሰሰር አብሮት ስላልመጣ ለወራት ተቀምጦ አይቻለሁ። ወጣቶቹ ሠራተኞች ሞዴሉን በኮምፒውተሩ ላይ ያዞሩታል፣ መልሰው ያዞሩታል፤ መኪናው አቧራ ይጠጣል።

በጎውን ነገር አሳንሼ እንዳልናገር፤ የዚህን ጋብቻ ታላቅ በረከት ያየሁት በነዳፊዎች ላይ ነው። የሚሊንግ መቁረጫ ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘንን አሹሎ ማውጣት አይችልም፤ ወርዱ አሥር ሚሊሜትር የሆነ መቁረጫ በማዕዘኑ ላይ ቢያንስ አምስት ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክብነት ይተዋል። ቀድሞ ይህን ያላወቀ ነዳፊ ሹል ማዕዘን ይሥልና ወቀሳው ከሳምንታት በኋላ፣ እሱም ከደረሰው፣ ከወርክሾፑ ይመጣለታል። አሁን ግን ተማሪው ሞዴሉን በሠራበት ሰዓት የመቁረጫውን ምስል አስነሥቶ ሲያስኬደው ማዕዘኑ ሳይቆረጥ ቀርቶ በቀለም ተለይቶ ይታየዋል። ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ ወደ ሞዴሉ ተመልሶ ያርማል፤ ጎዳናውም ራሱን እንደገና ያሰላል። ንድፍ የሚማር ልጅ ከብረቱ ጋር ሳይተዋወቅ አራት ዓመት የሚያሳልፍበት ጊዜ በዚህ ያጥራል።

ግን ራሱን እንደገና ማስላቱም ጣጣ አለው። የአንድ ግድግዳ ውፍረት ከ8 ወደ 2 ሚሊሜትር ቢቀነስ ፕሮግራሙ ጎዳናውን በቅጽበት አስተካክሎ ያቀርባል። የቀጠነው ግድግዳ በመቁረጫው ግፊት እንደ ሸምበቆ እንደሚርገበገብ ግን አይናገርም፤ ብረቱ በሞርሳ ስለ ታሰረበት ሁኔታም የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ይህን ጆሮ ያውቀዋል። ልምድ ያለው ሠራተኛ መኪናው ሲንጫጫ ከሌላ ክፍል ሆኖ ይሰማና ተነሥቶ ይመጣል።

ነገሩ ከቅርጽ ተሻግሮ የወዛደሩን ዕውቀት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ ኖብል በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በቁጥር ከሚመራው መኪና ጎን ሌላ መንገድ እንደነበረ ያስታውሳል። በዚያኛው መንገድ ባለሙያው የመጀመሪያውን ዕቃ በእጁ ይቆርጣል፤ መኪናው እንቅስቃሴውን በቴፕ ቀድቶ ይደግመዋል። ኖብል እንደሚለው ይህ መንገድ የተተወው ስለማይሠራ ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀቱን በሠራተኛው እጅ ስለሚተው አስተዳዳሪዎች አልወደዱትም። በከፊል እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። የፓርሰንስን የክንፍ ቅርጽ ግን የማንም እጅ ቀድሞ ሊቆርጠውና መኪናው ሊቀዳው አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩ መምጣቱ አይቀርም ነበር። የሚያከራክረው ቁጥሩ ከመጣ በኋላ የማን ዕውቀት በውስጡ ይገባል የሚለው ነው።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ ይረዳዋል። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤት እንደ ሕንፃ አይታነጽም፤ የማይፈለገው ይነሣል እንጂ። የተነሣውም አይመለስም። የብረት ቁረጣም እንዲሁ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ እጅ ቢያሳልፉ የመጥረቢያው ፈለግ ይሰማል። መኪናችንም ፈለግ ይተዋል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ ወርዱ አሥር ሚሊሜትር የሆነ መቁረጫ በአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ትይዩ መስመሮችን ቢሄድ በመካከላቸው 0.025 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሸንተረር ይቀራል። ልዩነቱን በግማሽ ብንቀንሰው ሸንተረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የሥራው ሰዓት ግን እጥፍ ይሆናል። የት ላይ እንደሚበቃ ሞዴሉ አይናገርም። ዕቃው ለዓይን ነው? ለግጭት ነው? ወይስ በሞረድና በእጅ የሚጨረስ ነው? መልሱ የሰው ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ሰው ካልመለሰለት ከፋብሪካው የተሞላለትን ቁጥር ወስዶ ይሄዳል።

ከላይ ያነሣኋቸው አዛውንት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ያች ተማሪ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የመቁረጫዎች መዝገብ ትሞላ ጀመር። እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሷ ትጽፋለች፤ ለየትኛው ብረት የትኛው መቁረጫ፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ጥልቀት። አንዳንዱን ቁጥር ወዲያው ይሰጧታል፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ተነሥተው መኪናው ዘንድ ሄደው ቁራጭ ብረት አስረው፣ አዳምጠው ይመለሳሉ። ለቀጭን አሉሚኒየም ከተመደበው መቁረጫ ሲደርሱ «ሲንጫጫ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው፤ ዝም ሲል እዚያው ተወው» አሏት። የፍጥነቱ ቦታ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። ጥቂት አሰበችና ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ በአማርኛ በማስታወሻው ቦታ አስገባችው። አሁን በዚያ ወርክሾፕ ያንን መቁረጫ ከመዝገቡ የሚመርጥ ተማሪ ሁሉ ከቁጥሮቹ ሥር ያነበዋል።